የብረቷ ደብዳቤ

ተመራማሪዋ አርኤንኤ የተባለው ሞለኪውል እንደ ክር ሲተጣጠፍ የፕሮቲንን መጠን እንዴት እንደሚወስን ማጥናት ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። ፕሮቲኑ መብዛት ማነሱ የሚታወቀው ወረቀት ከመሰለ ስስ ሽፋን ላይ በሚወጣ ደካማ ብርሃን ነው። ያን ብርሃን የሚያነሳ ካሜራ ግን እሷ ጋ የለም። ሽፋኑን በሳህን ይዛ ሦስት ፎቅ ትወርድና መንገድ ተሻግራ ጎረቤት ቤተ ሙከራ ትሮጣለች። ተራዋ እስኪደርስ ብርሃኑ ይከስማል።

የዚያ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እሳቸው በሌሉበት ተማሪዎች «ብረቷ» ይሏቸዋል። ሴትዮዋ ተመራማሪዋን አንድም ቀን ከተራዋ አስቀድመዋት አያውቁም።

«ሁሉም ቸኩሎ ነው የመጣው፤ ተሰለፊ!» ነው መልሳቸው።

«ሴትዮዋ ጥምድ አድርገው ይዘውኛል» አለች አንድ ቀን ለባሏ።

«ፎቶ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ እኔ በስልኬ ላንሳልሽ» ብሎ አሳቃት።

መሣሪያው እንዲገዛላት ሁለቴ አመልክታ አልተሳካም። ሦስተኛውን ያስገባችው እንዲያው ለወጉ ነበር። ከወር በኋላ የግዢ ኮሚቴው ጸሐፊ አስጠራት።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተፈቅዷል። ኮሚቴውን ያሳመነው ግን ይሄ ነው» ብሎ አንድ ደብዳቤ ሰጣት።

የብረቷ ነበር። «የእኔ ካሜራ ስላረጀ ዘንድሮ እንዲተካልኝ ጠይቄ ነበር። ጥያቄዬን ትቻለሁ። ይህች ልጅ ሥራዋን በሳህን ተሸክማ ስትሮጥ አራት ዓመት አይቻለሁ። ቅድሚያ ለእሷ ይሰጥልኝ።»

እዚያው እንደቆመች እንባዋ ቀደማት።

ካሜራው በተተከለ በሳምንቱ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ምስል ወጣ። አርኤንኤው በተተጣጠፈበት ፕሮቲኑ ጥቂት፣ እጥፋቱ በተፈታበት ደግሞ ብዙ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ታየ። ምስሉን አትማ ወደ ብረቷ ቢሮ ገሰገሰች።

«ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። እኔ እኮ የሚጠሉኝ ነበር የመሰለኝ!»

«ለምን? ተራ ስላላስቀደምኩሽ? ሌሎቹስ የእንጀራ ልጆች ናቸው?» አሏት። «በይ ቁጭ በይና አሳዪኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ምስሉን መስመር በመስመር አዩት። እስከ ምሳ ሰዓት ሲጠይቋት፣ ስትመልስ፣ ሲሟገቱ ቆዩ።

«ሙከራውን ድገሚው» አሉ በመጨረሻ። «ውጤቱ ከጸና ትልቅ ነገር ነው።»

ሦስቴ ደገመችው፤ ጸና። ጽሑፏ ሲታተም በምስጋናው ክፍል የእሳቸውን ስም ከሁሉ አስቀድማ አሰፈረች።