የዱባለ ሁለት ቃል

ዱባለ ሰልፍ አይወድም። ሰልፍ የሚወድ ሰው አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። የለም፤ የእሱ ጥላቻ ግን ለየት ይላል። ባንክ ቤት ቆሞ አንዴ ሰዓቱን ያያል፣ አንዴ ስልኩን ያወጣል፣ አንዴ ከፊቱ የቆመው ሰው ትከሻ ላይ አገጩን ሊያሳርፍ ምንም አይቀረውም። ያን ዕለት ደግሞ ሐምሌ ነው፤ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ባንኩ ውስጥ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ጎረቤቱ ጫማ ላይ ያንጠባጥባል።

ከሰልፉ የባሰ እረፍት የነሳው በእጁ የያዘው ጥቁር ፌስታል ነው። ፌስታሉ ውስጥ በቀይ ሻሽ የተቋጠረ አርባ ስምንት ሺ ብር አለ። ብሩ የሚስቱ የምህረት ነው። ምህረት በተከራየችው የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የራሷን መኪና ለመግዛት እቁብ ገብታ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ዕጣው በመጨረሻ ወጣላት። ብሩን ትራሷ ስር አድርጋ አደረችና ጠዋት በሻሿ ቋጥራ ሰጠችው።

"በቀጥታ ወደ ባንክ። ሱቅ ይዘኸው እንዳትገባ" አለችው።

ባሏን ታውቀዋለች። ዱባለ የቀለምና የሚስማር ነጋዴ ነው፤ ሱቁ የገባ ብር ቀለም ካልሆነ አይወጣም።

ስለ ሱቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ሳምንት የቀን ገቢ ገማቾች ወደ ሰፈሩ ወርደው ነበር። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ላልሆነው፣ በቀን ስንት እንደምትሸጥ ይጠይቁሃል፣ ግብርህም ከዚያ ተነስቶ ይሰላል ማለት ነው። ያን ሰሞን ኮልፌ ውስጥ ገበያ ያለው ሰው ጠፋ። ዱባለ የቀለም ጣሳዎቹን ከጎን ባለው የጎረቤቱ የሚሊዮን ሉካንዳ ጓዳ ውስጥ፣ ከሥጋው አጠገብ ደረደረና አቧራ የጠጡ ጥቂት ጣሳዎች ብቻ ሱቁ ውስጥ አስቀረ። ከዚያ "በቀን አምስት መቶ ብር ከሸጥኩ ለእኔ በዓል ነው" ብሎ ቃሉን ሰጠ። ድምፁ እንኳ ተሰብሮ ነበር። ሜሪ የምትባለው የወረዳው የግብር ባለሙያ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ዱባለ ያን ቀን በጣም ተደስቶ ዋለ።

እና ባንኩ ውስጥ ቆሞ ሳለ ሁለት ልጆች ገቡ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ አድርገዋል፤ ሰው ጉንፋን የያዛቸው መሰለው። አንዱ በሩ ላይ ቀረ። ሌላው፣ ማሙሽ እንደሚባል በኋላ የሰማነው፣ ከጃኬቱ ሽጉጥ መዘዘና "ሁላችሁም መሬት!" ብሎ ጮኸ። ጥበቃው ገሜዳ ጠመንጃውን በቀስታ ግድግዳ አስደግፎ ከሁሉም ቀድሞ ተኛ። በኋላ ሲጠየቅ "ጥይት ሳትሰጡኝ ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?" አለ።

ሰዉ ተኛ። የኛ ሰው ግን ሲተኛም ተራውን አይለቅም። አንዲት ሴት "እኔ ከሰውዬው ፊት ነበርኩ" እያለች በደረቷ ወደፊት ተሳበች። እማማ ካሳነሽ፣ ገበያው ዳር ሽንኩርት የሚሸጡት፣ ጉልበታቸውን ይዘው ለመንበርከክ ሲታገሉ ማሙሽ አያቸውና ሽጉጡን ዝቅ አደረገ።

"እማማ፣ እርስዎ አይተኙ፣ ወገብዎን ያምዎታል። ወንበሩ ላይ ሆነው እጅዎን ወደ ላይ ያድርጉ።"

"ተባረክ ልጄ" አሉት እጃቸውን እያነሱ።

ማሙሽ ወደ መስኮቱ ሄደና ገንዘብ ከፋይዋን ራኬብን "ያለውን ብር በሙሉ አውጪ!" አላት። ራኬብ ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ መልስ ለስንት ሰው እንደመለሰች እግዜር ይወቅ። ከወረቀቷ ላይ ቀና እንኳ ሳትል፦

"ሲስተም የለም" አለችው።

ሌላ አገር ያደገ ሌባ ቢሆን ኖሮ "ለዘረፋ ሲስተም ምን ያደርግልኛል?" ይል ነበር። ማሙሽ ግን የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ሲስተም የለም ከተባለ የለም፤ ክርክር የለውም። ትከሻው ወረደ።

"መቼ ይመጣል?"

"አይታወቅም። አረፍ ብለው ይጠብቁ።"

ሄዶ እማማ ካሳነሽ አጠገብ ተቀመጠ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከወለሉ ላይ አንድ ድምፅ በትህትና "ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ የለም እኮ፤ ሌላ ቅርንጫፍ ብትሞክሩ ይሻላል" ብሎ መከረ። ሌላው "የትም የለም፣ አስኮም ደውዬ ነበር" አለ። ዱባለ ፌስታሉን ሆዱ ስር አድርጎ በደረቱ ተኝቷል። ወለሉ እርጥብ ነው፣ የሰው ጃንጥላ ጆሮው ላይ ያንጠባጥባል፣ ሱቁን ክፍቱን ትቶ ነው የመጣው። ለትንሽ ጊዜ ቻለ። ከዚያ በላይ ግን መቻል ተፈጥሮው አይደለም።

"እንዴ! እስከ መቼ ነው የምንተኛው? ወይ ዝረፉን ወይ ልቀቁን!"

በሩ ላይ የቆመው ልጅ ነቃ። "አንተ ማሙሽ፣ የምን ሲስተም ነው የምትጠብቀው?" ብሎ ጓደኛውን ተቆጣው። ከዚያ ዱባለን አየው። "ያ የሚጮኸው ሰውዬ ደግሞ ሆዱ ስር ምን ደብቋል?"

ሁለቱም አፍረው ነበር፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቸኩላል። የዱባለን ፌስታል፣ የእማማ ካሳነሽን ቦርሳና የአንድ ሰው ምሳ ዕቃ ነጥቀው ወደ ዝናቡ ሮጡ። የተዘረፈው ይህ ነው፤ ሦስት ነገር፣ ከሦስቱ አንዱ ሽሮ።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደመቀ ከጠረጴዛው ስር ወጥቶ ክራቫቱን አስተካከለና ማንም ያልጠየቀውን ተናገረ። "ውድ ደንበኞቻችን፣ አትደናገጡ። ባንካችን ኢንሹራንስ አለው። እዚህ ውስጥ የተነጠቃችሁ ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ቃላችሁን ስጡ፤ የተነጠቃችሁት ይተካላችኋል።"

ያን ቃል ባይናገረው ጥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የቆመው ሰልፍ ከባንኩ ሰልፍ በለጠ። ያን ጠዋት ቀራንዮ ለቅሶ ላይ የዋለ ሰው ተነጠቅኩ አለ። ከአልጋው ያልወረደ ሰው ተነጠቅኩ አለ። ደመቀ ራሱ ላፕቶፕ ተወስዶብኛል ብሎ አስመዘገበ። ባለ ሉካንዳው ሚሊዮን ደም የነካው ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ መጥቶ ዱባለ አጠገብ ቆመ።

"አንተ ምን ተወሰደብህ?" አለው ዱባለ በመገረም።

"ገና እያሰብኩ ነው። አንተስ ስንት ልትል ነው?"

"አርባ ስምንት ሺ ነበር።"

"ነበርን ማን ጠየቀህ?" አለ ሚሊዮን ጆሮው ስር ተጠግቶ። "እነዚህ ሰዎች የጠየቅከውን ቆርጠው ነው የሚሰጡህ። አርባ ስምንት ብለህ ሃያ ይዘህ ልትገባ ነው? ዜሮ ጨምርበት። የአንድ ቀን ሽያጬ ነው በል፤ ማን ያየዋል?"

ዱባለ አሰበ። አሰበ ስል ደግሞ ተራው እስኪደርስ ድረስ ነው፤ ሰልፉ ቶሎ ቶሎ ይሄድ ነበር። የምህረት ብር ለምህረት፣ የተረፈው ለሱቁ። ማንም አይጎዳም። የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው፤ ኢንሹራንስ ደግሞ ሰው አይደለም። ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠራርጎ "አራት መቶ ሰማንያ ሺ ብር። የትናንት ሽያጭ" አለና ፈረመ።

ማታ ለምህረት ሲነግራት ቁጭ ብድግ ይላል። "አይዞሽ፣ በአስር እጥፍ ነው የሚመለሰው! መኪናሽን ገዝተሽ፣ እኔ ደግሞ ከጎን ያለውን ክፍል ጨምሬ..."

"የኔ ብር አርባ ስምንት ሺ ነው" አለች ምህረት። "ሌላ ብር አልጠፋብኝም።"

"አይገባሽም።"

"ሂድና አስተካክል ዱባለ። አሁኑኑ ሂድ።"

"ነገ" አላት። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ የሚገላበጠው ግን ጸጽቶት ሳይሆን አዲሱን ክፍል ምን ቀለም እንደሚቀባው እያሰበ ነበር።

በማግስቱ ሌቦቹ ተያዙ። ቀራንዮ አንድ ቤርጎ ውስጥ ነው ያደሩት፤ አንዱ ሌላውን ስላላመነ የነጠቁትን እንኳ ሳይከፍቱ። ጠዋት ወደ አስኮ ለመሄድ 18 ማዞሪያ መጡና፣ የቸኮሉ ስለነበሩ፣ የታክሲ ሰልፍ አቋርጠው ገቡ። እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ነገር ይታለፋል፤ ይህ ግን አይታለፍም። ሰልፈኛው በአንድ ድምፅ ጮኸ፣ ተራ አስከባሪው ኢብራር ሁለቱንም በኮሌታቸው ያዘ፣ በግርግሩ ሽጉጡ ወድቆ ተሰበረ። ፕላስቲክ ነበር። ሌባ መሆናቸው የታወቀው ተራ በመጋፋት በቂ ዱላ ከቀመሱ በኋላ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ቃል የሰጠ ሁሉ ተጠራ። ምህረትም ማንም ሳይጠራት መጣች። ኢንስፔክተር ፈቀደ ጠረጴዛው ላይ ቦርሳውን፣ ምሳ ዕቃውንና ጥቁሩን ፌስታል አስቀምጧል። ከጎኑ ሜሪ ተቀምጣለች። ኢንሹራንሱ "ይህ ሁሉ የቀን ሽያጭ እውነት ነው ወይ?" ብሎ ስለጠየቀ ወረዳው የላካት ናት። ዱባለ ሲያያት እግሩ ወደ በሩ ሊመልሰው ፈለገ፤ ምህረት ግን ክንዱን ይዛዋለች።

እማማ ካሳነሽ ቦርሳዬ ውስጥ ይህን ያህል ነበር ብለው ያስመዘገቡት ልክ ሆኖ ተገኘ። ተቀብለው፣ "እነዚያ ልጆች ቁርስ በልተዋል?" ብለው ጠይቀው ወጡ።

ኢንስፔክተሩ ቀዩን ሻሽ ከፌስታሉ አወጣ። "ይህ ደግሞ አርባ ስምንት ሺ ብር ነው። የሚገርመው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል አርባ ስምንት ሺ ተነጠቅኩ ያለ የለም። ሁሉም ከዚህ በላይ ነው ያለው።" ቀና አለ። "አቶ ዱባለ፣ ፌስታል ነው የተነጠቅኩት ብለዋል። ይህ የእርስዎ ነው?"

ዱባለ በልቡ አሰላ። የእኔ ነው ካለ፣ ለፖሊስ በሐሰት የፈረመ ሰው ሆነ። ምህረት በክርኗ ጎሸመችው። "ያውልህ እኮ፣ ሻሼ" አለችው በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።" ከዚያ ጮክ ብሎ፣ "አይደለም። ይህን አላውቀውም" አለ።

ምህረት ዞራ አየችው። ተናደደች፤ ከንዴቱ በላይ ግን አዘነች። ዓይኗ እስኪቀላ የስንት ሰው ልጅ ኮሌታ ሰፍታ ያጠራቀመችውን ብር፣ የማን እንደሆነ እያወቀ፣ አጠገቧ ቆሞ አላውቀውም አለ። ክንዱን ለቀቀችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

"የኔ ነው" አለች። "የእቁብ ብሬ ነው። ቋጠሮው ወደ ግራ የዞረ ነው፤ እኔ ግራኝ ነኝ። የእቁቡን ዳኛ መጠየቅ ትችላላችሁ። ባንክ እንዲያስገባልኝ የሰጠሁት ለዚህ ሰውዬ ነው።"

"ምንዎ ነው?"

ዞራ አላየችውም። "ባሌ።"

ኢንስፔክተሩ ቋጠሮውን አገላብጦ አየ፣ ለእቁቡ ዳኛ ደወለ፣ አስፈረማት፣ ብሩንም ወደ እሷ ገፋው። ከዚያ ወደ ዱባለ ዞረ። "ታዲያ አራት መቶ ሰማንያ ሺው የት ሄደ?"

ዱባለ ሜሪን አየ። ነበረኝ ካለ በቀን ይህን ያህል ሸጠ ማለት ነው፤ በዓመት ሲባዛ ሱቁ ቢሸጥ፣ እሱ ቢሸጥ፣ ግብሩ አይከፈልም። ወደ እስር ክፍሉ በር አየ። ወደ ኋላው ሲያይ የተሰበሰበው ሰው አንድ በአንድ እየሾለከ ነው፤ ሚሊዮንም ሥጋ የሚጠብቅ ደንበኛ ትዝ ብሎት በሩ ጋ ደርሷል።

"ዋሽቼ ነው" አለ ዱባለ በደከመ ድምፅ።

ኢንስፔክተሩ ሊጽፍ ሲል ሜሪ እጇን አነሳች። ቁጣ የለባትም፤ የምር ግራ የገባት ትመስላለች።

"ይቅርታ አቶ ዱባለ፣ ልክ እንድጽፈው ነው። የዋሹት የቱን ነው? ለፖሊስ የሰጡትን ቃል ነው ወይስ ለኔ የሰጡኝን?"

ዱባለ እንደ ለመደው፣ ከገባበት እንድታወጣው ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ሁለቱንም" አለች ምህረት።

የብር ቋጠሮዋን ብብቷ ስር አደረገች፣ ወንበር ሳበችና ከሜሪ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ማታ ማታ የሱቁን ሽያጭ የምቆጥረው እኔ ነኝ" አለች። "ጻፊ።"