የመሪጌታ ትንፋሽ እስከየት ይወጣል?

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እናቴም ታውቃለች፣ እጮኛዬ ይትባረክም በደንብ ያውቃል። ለዚህ ነው ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥተን ደቅ ደሴት እስክንደርስ አንድ ነገር ብቻ ሲለምነኝ የመጣው።

«ሔራንዬ፣ አባየ ፊት ግን ቀስ በይ።»

አባቱን መሪጌታ ዓምደ ሚካኤልን ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። የሄድኩት ግን ለአማች ሳይሆን ለአየር ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ያንን ትምህርት ቤት «የተቃጠለ አየር» ያሉንን፣ ከመሬት ወደ ላይ ሲኬድ እንዴት እንደሚለዋወጥና ከየት እንደሚመጣ መለካት ነው። ትልቅ ፊኛ በሂሊየም ይሞላል፤ ከሥሩ የምሳ ዕቃ የምታህል መለኪያ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ በሲባጎ ታስሮ ቀስ እያለ ይለቀቃል። መለኪያዋ ከጭስ የመጣውን ከትንፋሽ ከመጣው እየለየች ቁጥሩን ስልኬ ላይ ትልክልኛለች።

ከተማውን ጨርሼ የቀረኝ ደሴቱ ብቻ ነበር። ጋዙም የቀረው ለአንድ ፊኛ ነው። መለኪያዋ ደግሞ የውሰት ስለሆነች በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አለባት። በዚያ ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ካልለካሁ ምረቃዬ ወደ ሌላ ዓመት ይተላለፋል፤ ሰርጋችንም ከምረቃ በኋላ ነው ተብሎ ስለተቆረጠ አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ ብናደድ ይፈረድብኛል?

ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ፊኛውን ሞላነው። ውሃው ጸጥ ብሏል። ተመስገን ከማለቴ ሰው ይመጣ ጀመር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው፣ ወደ እርሻ የሚወርደው፣ መረቡን የተሸከመው ሁሉ መጥቶ ከበበን። የይትባረክ እናት እመት ሸጊቱም መጡ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወደ መለኪያዋ ተጠጉ።

«ይችው ናት ወደ ሰማይ የምትወጣ?»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«ሳትባረክ?»

ይትባረክ ክንዴን ቆነጠጠኝ። ምን እላለሁ? አማቼ ሊሆኑ ነው። ጎንበስ ብለው፣ አፋቸውን መለኪያዋ ላይ ሊያስነኩ ምንም ሳይቀራቸው ጸሎት ጀመሩ። ድምፃቸው ጎርናና ነው፤ ትንፋሻቸው አያልቅም። ስልኬን አየሁ። አራት መቶ ምናምን የነበረው ቁጥር ስድስት መቶ ገብቷል። ሕዝቡ ከበው እንደቆሙ «አሜን» አሉ። ሰባት መቶ! ሰው ሲተነፍስ የሚያወጣው ይህንኑ የተቃጠለ አየር አይደል? የደሴቱን አየር ልለካ መጥቼ የመሪጌታን ሳምባ ለካሁ።

ጸሎቱ ቀጠለ። ለአገር ጸለዩ። ለዝናቡ ጸለዩ። ለዓሣው፣ ለመንገደኛው፣ በመጨረሻ ለፊኛውም ጸለዩ። እኔ ግን ዓይኔ ሐይቁ ዳር ባለው ደንገል ላይ ነው፤ ጫፉ መነቃነቅ ጀምሯል። ነፋሱ ሊነሣ ነው።

«መሪጌታ፣ ይበቃል! እባክዎ እዚህ አይተንፍሱ!»

እመት ሸጊቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ይትባረክ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፤ ዘሎ የሚገባ መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ፈራሁ። ምረቃውም ሰርጉም አብረው ሲሄዱ ታየኝ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «እንዴት ነው አትተንፍስ ማለት?»

ስልኬን አሳየኋቸው። «ይኼ የእርስዎ ትንፋሽ ነው።»

ትክ ብለው አዩት። ጎንበስ አሉና መለኪያዋ ላይ አንዴ እፍ አሉ። ቁጥሩ ሺህ አለፈ። ፊታቸው በራ። ደግመው እፍ አሉ። ለሦስተኛ ሲዘጋጁ «ኧረ መሪጌታ!» አልኩ፤ ከት ብለው ሳቁ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ላይ ስጮህ ኖርሁ። ለመሆኑ ይህ ትንፋሽ እስከየት ይወጣል?»

«ጠዋት ብዙም አይወጣም። ከታች ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ የሰዉም፣ የከብቱም፣ የሣሩና የአፈሩም ትንፋሽ እዚሁ መሬት ላይ ተኝቶ ያድራል። ፀሐይ ሲሞቀው ነው የሚነሣው።»

«ከዚያ በላይስ?»

«እሱን ልለካ መጣሁ፤ እርስዎ አላስለካ አሉኝ እንጂ!»

ይትባረክ እንደገና ሊቆነጥጠኝ እጁን ሰደደ። መሪጌታ ግን ወደ ሕዝቡ ዞረዋል።

«ሂዱ ወዲያ! ሁላችሁም ነፋሱ ወደሚሄድበት ዳር! ያችን ላምም ውሰዷት፣ እሷም ትተነፍሳለች!»

እሳቸውም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለው ከፊት ከፊት ሄዱ።

ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቄ ሲባጎውን ለቀቅኩ። ፊኛው ከዛፎቹ በላይ ወጣ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፤ መሀል ላይ ትንሽ ጨመረ፤ ከዚያ እንደገና ወረደ። በደስታ እንባዬ መጣ።

«ምን አገኘሽ?» አሉ መሪጌታ ከሩቅ፣ በጋቢያቸው ውስጥ።

«ከታች ትንፋሽ! መሀል ላይ ከባሕር ዳር በኩል የመጣ የሚመስል ጭስ! ከላይ ንጹሕ!»

«ከባሕር ዳር የሚደርሰን ወሬው ብቻ ይመስለኝ ነበር!»

ነፋሱ ሲበረታ ፊኛውን ስበን አወረድነው፤ ልኬታው ግን ሙሉ ነው። መሪጌታ ሲመለሱ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቃኑኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እናትህ በስንት ዘመን ያልሆነላትን፣ እኔን ዝም ማሰኘትን፣ ይች ልጅ ባንድ ጠዋት አደረገችው። ሰርጉ እንደተቆረጠው ይሁን።»

ሰዉ እየሳቀ ሲበተን እመት ሸጊቱ እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። መሪጌታ አለመስማታቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያችን መለኪያ ለኔ ትተሽልኝ ብትሄጅስ?»