ወደ ግራ የምትበረው ወፍ

«እህታቸውን አገኘኋቸው!» አለ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢው፣ ገና ሳይቀመጥ።

ሴትዮዋ ልትቀዳ ያነሳችውን የሻይ ማንቆርቆሪያ መልሳ ጣደችው። «የማንን እህት?»

«የባለቤትዎን ነዋ! የጠፉትን።»

ባሏ እህት ኖሮት አያውቅም። እህትየዋን የፈጠረቻት ራሷ ናት፤ ያውም እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጣ።

ነገሩ የመጣው በአንዲት የናስ ቶከን ነው። ድሮ ሰው እንደ ሳንቲም እሷን ከፍሎ አውቶቡስ ይሳፈር ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል። አውቶቡሶቹ ላይ የተሳለችው ወፍ ወደ ቀኝ ስትበር፣ የቶከኗ ወፍ ግን ወደ ግራ ትበራለች። ለምን? ቅርጿን ያወጣው ሰው ሞቷል፤ ሰብሳቢው የሟቹን ሚስት አፈላልጎ መጣ። የመጀመሪያው ቀን «እኔ ምን አውቄ» ብትለው ሊሄድ ተነሳ። ከቀብሩ ወዲህ ያን በር ያንኳኳ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነበር። ብቻዋን መብላት አንገሽግሿታልና አፏ ቀደማት፤ «ወፏ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነው፤ የጠፋች እህት ነበረችው» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ እሷም ትንሽ ትንሽ እየጨመረች ታወራዋለች። የውሸት ክፋቱ፣ አንዴ ከተጀመረ መቀጠሉ አለማስቸገሩ ነው።

«ያገኘኋቸው ሴት በልጅነት የተለዩት ወንድም ነበራቸው» አለ ሰብሳቢው። «ቶከኗን ሳሳያቸው ደረታቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ። ነገ ይዣቸው እመጣለሁ።»

እውነቱን ብትናገር ይህ ሰው ዳግም ደጇን አይረግጥም። ዝም ብትል ደግሞ ነገ አንዲት ምስኪን የሰው ባል ፎቶ ታቅፋ «ወንድሜ» ልትል ነው።

«ልጄ፣ እንዳታመጣቸው» አለች። «እህት አልነበረውም።»

«እንዴት?»

«ማተሚያው ብረት ላይ ሥዕል ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ ሲታተም እንዲቃና። ባሌ ቸኩሎ ወፏን እንዳለች ቀረጻት፤ ተገልብጣ ወጣች። ይኸው ነው። እስኪሞት ድረስ ያፍርባት ነበር።»

ሰብሳቢው ፊቱ ቀላ። «ታዲያ እኔ አሁን ሴትየዋን ምን ልበላቸው?»

«አንዲት አሮጊት ዋሽታኝ ነው በላቸው።»

ቶከኗን ኪሱ ከትቶ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞር አለ።

«የቶከኗ ጀርባ ላይ ያሉት ሦስት ነጥቦችስ? እነሱም ስህተት ናቸው?»

ለነጥቦቹ የሚሆን ወሬ ካዘጋጀች ሰንብታለች፤ ለብዙ ቅዳሜ የሚበቃ።

«አላውቅም» አለች። «ቅዳሜ ግን ና። የምነግርህ ነገር የለኝም፤ እንዲያው ና።»