ገና ይጠበኛል

ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ። እኔ ደግሞ ከአሟሟቱ አሸኛኘቱ እላለሁ። አሟሟቱ በእጄ አይደለም፤ አሸኛኘቱ ግን ሥራዬ ነው። በከተማችን አስከሬን ቤት ሙት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ለወገኖቹ አስረክባለሁ። ከተማችን ወደብ ስለሆነ የማይሞትብን የሰው ዘር የለም።

ሥራውን ስጀምር በየሕዝቡ ወግ እስቅ ነበር። አንዳንዶቹ ነፍስ እንድትወጣ መስኮት ያስከፍቱኛል። አንድ ቀን ሳላስበው መስኮቱ ሥር ብቆም አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ መንገድ ላይ አትቁሚ» ብላ በክርኗ ገፋችኝ። ሌሎቹ ሙቱ ራሱን አይቶ እንዳይደነግጥ መስታወት ያስሸፍናሉ። ሬሳውን ከበው ሟች በሕይወት ሳለ የሠራውን ሞኝነት እያወሩ ሲንከተከቱ የዋሉም አሉ፤ ቤት የተሳሳቱ መስሎኝ አድራሻ ልጠይቃቸው ምንም አልቀረኝም። በአንድ ጠዋት አንደኛው ጠረጴዛ ላይ፣ በወገኖቹ ወግ ሊቃጠል እሳት የሚጠብቀው ሰው ተኝቶ ነበር። ከጎኑ የተኛውን ደግሞ ወገኖቹ ሻማ እንኳ እንዳይበራበት ለምነውኛል። በመካከላቸው ቆሜ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ውሃ አጠብኳቸው።

ከሁሉ የማልረሳት አንዲት የመርከበኛ ሚስት ናት። «አጥብቀሽ አትጠቅልይው» አለችኝ። በአገሯ ከዓመታት በኋላ አጥንቱን አውጥተው አዲስ ልብስ ያለብሱታል፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ ይነግሩታል። «እንደገና ስለምንገናኝ ነው» አለች፣ ነገ ገበያ የምትቀጥረው ይመስል። ያን ቀን ሳቄ ጠፋ። ሞት ለሁሉም አንድ ነው፤ ሰው ግን ለዚያ ለአንዱ ሞት ይህን ሁሉ ፍቅር አሰበለት።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሴት የአባቴን ወገኖች ወግ አላውቅም ነበር።

አባባ ጢሙ ገና ሲያቆጠቁጥ ነው በመርከብ የመጣው። ከመርከብ የወረደ ዕለት የተነሣው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ከጓዶቹ በአንድ ራስ ይበልጣል፣ ትከሻው ደግሞ በር ያስጨንቃል። ፈትል ፋብሪካ ገብቶ መኪና ሲጠግን ኖረ፣ እማዬን አገባ፣ ወንድሜንና እኔን ወለደ። ስለ አገሩ ሲጠየቅ «ሩቅ ነው» ይላል፤ በቃ። ስለ እናቱ የነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስወጣ ልብስ ሰፍታ ሰጠችኝ» ይለን ነበር። የመንገድ ልብስ ነው ብለን አለፍነው።

በየዓመቱ ብርዱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ እማዬ የቤቱን ልብስ ሁሉ አውጥታ ታናፍሳለች። አባባ ያን ቀን መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ እየሳቀ ይወጣና «ገና ይጠበኛል» ይላል። እማዬ «ተመስገን» ትለዋለች። እኛ የሠርግ ሱፉን የሚለካ ይመስለን ነበር። አንድ ሰው ሱፍ ጠበበኝ ሲል ተመስገን የምትል ሚስት ምን ዓይነት ናት ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም። ባሏ ባለመክሳቱ ደስ ብሏት ይሆናል።

ከወንድሜ ጋር ሆድና ጀርባ የሆንነው በእማዬ ሞት ነው። ያን ጊዜ ለሥራ ሌላ ከተማ ተልኬ ነበር። ወንድሜ ሳይጠብቀኝ፣ በማላውቃት ሴት አሳጥቦ ቀበራት። የስንቱን እናት ያጠብኩ ሴት የራሴን እናት ጸጉር ሳላበጥር ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ብዬው አላውቅም። የግድ መነጋገር ሲኖርብን «አንተ» እለዋለሁ፤ ታላቅ ወንድም በአንተ ብቻ ሲጠራ ምን እንደሚሰማው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አባባ በመጨረሻው ሰሞን መንምኖ አልጋው ሰፋበት። ወንድሜ በአንድ ጎኑ፣ እኔ በሌላው ተቀምጠን ሳለ ዓይኑን ገለጠና «ልኬ ደረሰ። ቋጠሮውን ፍቱልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። በማግስቱ ጠዋት አረፈ።

ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። አስከሬን ቤት አስመጥቼ ራሴ አጠብኩት። እንደ ሥራ ቤታችን ልማድ የእግሩን አውራ ጣቶች በክር አስሬ፣ አንሶላ አልብሼው ሳለ ወንድሜ ሱፉን በክንዱ ይዞ ገባ። ወንድሜ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ የአባባን ትከሻ የወረሰ ግዙፍ ሰው። የእቶን እሳት የማይፈራው ሰው ሬሳ ሲያይ ወደ ግድግዳ ይሸሻል። ሚስቱ፣ ዋርሳዬ፣ ደጃፉ ላይ ቀረች።

«ሱፉን አስፍቼዋለሁ» አለኝ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ። «ዕድሜ ልኩን ይጠበኛል ሲል አልነበር? ልብስ ሰፊው በሁለቱም ጎን ለቆለታል። አሁን ይመቸዋል።»

«አንተ፣ አባባን አይተኸዋል?» አልኩና አንሶላውን ከትከሻው ገለጥኩለት።

አየ። ሱፉን ደግሞ አየ። «እዚህ ውስጥ እኮ አባባን አስገብተን ለአንተም ቦታ ይተርፋል» አልኩት። ላስቀው ብዬ አልነበረም፤ ግን ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፊቱ ተበላሸ።

«ታዲያ ምን እናልብሰው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ በወጉ ከእጄ ይወጣል፤ አባቴ ግን ወግ የሌለው ሰው ሆኖ ሊሄድብኝ ነው።

«ቋጠሮውን ፍቱ ያለው እኛን ነው» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ። «ታረቁ ማለቱ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ?»

«ለመታረቅ ሬሳ መምጣት አለበት?» አልኩት። ተረቱ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ። «ሙት ቋጠሮ ፍቱልኝ ካለ ቋጠሮ ነው። ይህን ዓይነት ሰዎች አይቻለሁ፤ ሙታቸው ላይ የታሰረ ነገር አይወዱም።» ጎንበስ ብዬ የእግሩን ክር ፈታሁ። ክሩን በጣቴ ይዤ ቆምኩ። ሥራዬን የጨረስኩ አልመሰለኝም።

ዋርሳዬ ከደጃፉ «ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለው ቋጠሮስ?» አለች።

ሁለታችንም ዞር አልን።

«ያ ሰማያዊው። ቤቱን ሳጸዳለት እሱን አትንኪው፣ የኔ ነው ይለኝ ነበር። ልብስ ይመስለኛል።»

የአባባ ቤት ቅርብ ነው፤ ሄዳ አመጣችው። ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ከመታሰርና ከመፈታት ብዛት መቋጠሪያው ጫፍ ሳስቷል። ባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፈታሁት።

ውስጡ ነጭ ልብስ ነበር። ዘረጋሁት። ቁልፍ የለውም፣ መቀነት የለውም፣ ኪስ የለውም። ስፌቱ በእጅ የተሠራ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው። የክሩን ጫፍ ፈልጌ ዳሰስኩ፤ የትም ቦታ አልተቋጠረም። ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ጨርቁ ውስጥ ይጠፋል። እንዲህ የሚሰፉ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ተጓዡን የሚይዘው ነገር እንዳይኖር የክር ጫፍ አይቋጥሩም።

«የመቃብር ልብስ ነው» አልኩ። «ስወጣ ሰፍታ ሰጠችኝ ያለን ይሄን ነው።»

ወንድሜ ልብሱን ራቅ ብሎ አየ። «ይሄማ ትንሽ ነው። ያኔ ልጅ ስለነበር በልጅነቱ ልክ ሰፍታለት ይሆናል።»

«ፎቶውን ረሳኸው? ያኔም ግንብ ያክል ነበር። ይሄ አንድ ክንዱንም አያስገባለት።»

የሚሆነውን ለማየት ማልበስ ነበረብን፤ ብቻዬን ደግሞ አልችልም። ወንድሜ ግድግዳው ጋ እንደተለጠፈ ነው። ልብሱን በአባባ ራስ በኩል አዘጋጀሁና፣ ሳላስበው፣ «ጋሼ፣ ቀና አድርገው» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሱም ሰማ። መጥቶ በእነዚያ ሊጥ በለመዱ ትልልቅ እጆቹ አባቱን ከጀርባው ደግፎ፣ እንደ ሕፃን ቀና አደረገው። ጭንቅላቱን አሳለፍኩ፣ ክንዶቹን አስገባሁ፣ ወደ ታች ሳብኩ። ከዚያ ሁለታችንም እጃችንን አንሥተን ቆምን።

ልኩ ነበር። እጅጌው አንጓው ላይ ቆመ። ጫፉ ቁርጭምጭሚቱን ነካ። አንገቱ ሥር አልጠበበም፣ አልሰፋም። ስንት ሙት አልብሻለሁ፣ በልኩ ተሰፍቶ የመጣ ልብስ እንኳ አንድ ቦታ ይተርፋል ወይም ያንሳል። ይህ ግን የትም አልተጨማደደም። ጎኑን አዙሬ ጀርባውን አየሁት፤ ትከሻው መሐል ላይ ትርፍ ጨርቅ ተሰጥቶታል፤ የአባባ ጉብጠት እዚያ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል።

«ጉብጠቱን ተመልከት» አልኩ። «እንደ ሸንበቆ ለቀና ጎረምሳ ጉብጠት ሰፍታለታለች።»

«እንዴት አወቀች?» አለ ወንድሜ፣ በሹክሹክታ።

«አላወቀችም። ለመነችለት።»

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባኝ። ያቺ ሴት ልጇ ዳግመኛ እንደማይመለስ ታውቃለች። ስትሸኘው የሞት ልብስ ሰጠችው፤ ግን ሽማግሌ ሆኖ፣ ጎብጦ፣ መንምኖ ካልሆነ በቀር የማይገባበት አድርጋ ሰፋችው። በየዓመቱ በሩን ዘግቶ ይለካዋል። በየዓመቱ እናቱ ከዚያ ሩቅ አገር «ገና ነህ፣ ሂድ ኑር» ትለዋለች። እማዬ ይህን ታውቅ ነበር፤ ተመስገን ያለችው ለዚህ ነው። የዓለምን ሙታን አልብሼ፣ ሞትን እንዲህ ደጅ ያስጠናች ሴት አላየሁም። እሷ ደግሞ አያቴ ናት። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ከኀዘኑ ይልቅ ያስለቀሰኝ መገረሙ ነው።

ወንድሜ ሰማያዊውን ጨርቅ አጥፎ፣ እንደገና ዘርግቶ፣ እንደገና አጠፈው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣

«እማዬን እንድትጠብቅሽ ማድረግ ነበረብኝ» አለ። «ፈራሁ። ቤት ውስጥ እሷ ተኝታ ማደር ፈራሁ።»

ይህን ያህል ዓመት ንቀት ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ፍርሃት ነበር። የዚህ ሁሉ ትከሻ ባለቤት ፈርቶ ነው። የአባባን እጅጌ አስተካከልኩ፤ ምንም የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

ሱፉን ለዋርሳዬ አቀበላት። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ለኔም ስፊልኝ» አለ። «አጥብበሽ።»

ከእግር እስከ ራሱ በዓይኔ ለካሁት፤ ትከሻውን፣ ሆዱን፣ እንደ ሸንበቆ የቀና ጀርባውን።

«እሺ ጋሼ» አልኩት። «የክሩንም ጫፍ አልቋጥረውም።»