ያልታዘዘው ፍራሽ

ቋጠሮ ላይ የተኛ ሲገላበጥ ያድራል፣ ይል ነበር አባቴ ጥጡን በደጋን እየነደፈ፣ ይኸው እኔም ፍርድ ቤት ኮሪደር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እገላበጣለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኔ ተገልጦ። ዳኛዋ ለእረፍት ወጥተዋል፣ ሲመለሱ ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ቃል ነው፣ ክሱ ይቀጥል ወይስ ይነሳ። አንድ ቃል። አምላኬ፣ አንተ ሰማይን በቃል የዘረጋህ፣ ለእኔ አንዷ እንዲህ ትክበደኝ?

ልጄ ከማዶ ተቀምጣለች፣ አታየኝም። ዕድሜዋ ስንት ነው ሲሉኝ ልጅ ናት አልኩ፣ ሰው ሳቀ፣ ሃያ ስድስት ናት ለካ። ማመልከቻው ላይ ግን አምሮ ተጽፏል፣ ፈቃዷ በማታለል የተገኘ በመሆኑ ጋብቻው እንዲታገድልኝ በማክበር አመለክታለሁ፣ ጸሐፊው ነው እንደዚያ ያቆነጀው፣ እኔ ያልኩት በሌላ ቤት የሚጸልይ ሰው ልጄን ወሰደብኝ ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ብርሃን ከላይኛው መስኮት ይወርዳል፣ አቧራው ይንሳፈፋል፣ ልክ እንደ ሱቄ፣ ጥጥ ስነድፍ እንደሚነሳው ብናኝ፣ መሀሉ ላይ እሷ፣ አራት ዓመቷ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ አባባ ደመና ውስጥ ነኝ፣ ነሽ ልጄ፣ አልወርድም፣ አትውረጂ።

አልወረደችም።

ያ ልጄን የወሰደብኝ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጀመሪያ የሱቄን መብራት ሊያስተካክል መጣ፣ ከመሰላሉ ወረደና አባት፣ ጥግ ይዤ ብጸልይ ይፈቅዱልኛል አለኝ፣ እኔው ነኝ ጥጥ ጠርጌ ቦታ የሰጠሁት፣ እኔው ነኝ አየሽ ልጄ፣ ሰው ማለት በሥራው መሀል ፈጣሪውን የማይረሳ ነው ያልኳት፣ አየሁ አለች፣ ምን ዋጋ አለው፣ ከልኩ በላይ አየች። ቅድም ዳኛዋ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ጸሎት እንዴት ሊሆን ነው ሲሏት፣ ተራ እንይዛለን አለች። ተራ። እንደ ቧንቧ ውኃ። ሳቄ መጣ፣ በሳል አሳለፍኩት።

ስንወጣም አጠገቤ ቆም ብላ፣ አባባ፣ ከረታኸኝ ደጅህን አልረግጥም፣ ከተውከው ግን አንተው ራስህ ትሸኘኛለህ አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ልመና፣ እንደ ፍርድም።

ማንም ሳያዘኝ የጀመርኩት ፍራሽስ። የሁለት ሰው፣ ምርጥ ጥጥ፣ ዛሬም ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ደግሜ ነደፍኩት። ለማን ነው አለችኝ ሚስቴ፣ ለደንበኛ፣ ደንበኛው ስም የለውም ወይ፣ የለውም፣ ልኩንስ ማን ሰጠህ፣ ተይኝ አንቺ ሴትዮ ሥራ ላይ ነኝ፣ እሺ፣ ለስም የለሹ ደንበኛህ ቋጠሮ እንዳትተውበት፣ ብላኝ ሄደች። ዛሬ ዛሬ የጥጥ ፍራሽ የሚያሠራው ሙሽራ ብቻ ነው፣ ሌላው ስፖንጁን ተሸክሞ ይገባል፣ ያ ሰውዬም ስፖንጅ ገዝቷል አሉ፣ ስፖንጅ፣ ወገብ የሚቆርጥ፣ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ እኔ በሰፋሁት ላይ ተኝቶ የእኔዋ ስፖንጅ ላይ፣ ምን አገባኝ፣ ከሳሽ አይደለሁ፣ አምላኬ፣ ከሳሽ ነኝ አይደል፣ ብረታ ምን ይዤ ነው ቤቴ የምገባው፣ ወረቀት? ጠዋት ስጸልይ እሷ እንድታሸንፈኝ ነው ወይስ እንዳሸንፋት የለመንኩህ፣ ረሳሁት፣ አንተ ግን ሰምተሃል፣ እጄን ታየዋለህ፣ አፌን ተወው።

ከሳሽ ይግቡ ይላል አንድ ድምፅ። እነሳለሁ፣ እሷም ተነስታለች፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ፣ አይቼው የማላውቅ ጎልማሳ፣ እጁን ወደ ትከሻዬ ይሰዳል፣ ሊፈትሸኝ መስሎኝ ሁለት ክንዴን ዘርግቼ እቆማለሁ፣ አንዲት ነጭ ነገር ከኮቴ ትከሻ ላይ ያነሳል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ እፍ ሲላቸው በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፣ ልጄ ከኋላዬ ታያለች፣ እሱ ፈገግ ይላል፣ አባት፣ ጥጥ በጥጥ ሆነዋል እኮ፣ ልጅ ሊድሩ ነው እንዴ?