ሳይነበብ አይፈረምም

ልጅቷ እያዟዟረች ቀለሙን ያገጣጠመችውን የሩቢክ ኪዩብ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሰዓቱን በሁለት መዳፏ መታችው። ስድስቱ ቀለማት በየፊታቸው ተሰብስበዋል። ሰዓቱ ስድስት ነጥብ ሰማንያ አንድ ላይ ቆሟል። ይህ የመጨረሻው ዙር ነው፤ ከሰባት ሰከንድ በታች ከገባች ለአራተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ትሆናለች፤ ካልገባች ዋንጫው ሌላ ቤት ያድራል።

እናቷ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። ልጇ ኪዩብ ከያዘች ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሰማችው ነገር የለም። አክስትየው "በአሻንጉሊት ማን ጠገበ?" ትላለች። አስተማሪው ኪዩቡን ሦስቴ ቀምቷል፤ እናት ሦስቴም ሄዳ አስመልሳለች። "የልጄ እጅ ሥራ አልፈታም፤ ሥራ የፈታው የእናንተ ምላስ ነው" ነበር መልሷ።

መነጽራሙ ዳኛ ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፎ ለልጅቷ ገፋ አደረገላት። ተወዳዳሪ ከፈረመ በኋላ ክርክር የለም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ልጅቷ ብዕሩን አንስታ አጎነበሰች።

እናት እንዲህ አጎንብሶ መፈረምን ታውቀዋለች። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሳለች አለቃዋ "እዚህ ጋ" ሲላት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አትማለች። ወረቀቱ "በፈቃዴ ለቅቄያለሁ" የሚል መሆኑን የነገራት በማግስቱ የበሩ ጥበቃ ነው። በአርባ ሦስት ዓመቷ ፊደል መቁጠር የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

"አነበብሽው?" አለች ከተቀመጠችበት።

"እማዬ፣ ቁጥር እኮ ነው።"

"ቁጥርም ይነበባል።" ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

"እማማ፣ ወላጅ እዚህ አይጠጋም" አላት ዳኛው።

እሷ ግን የማታ ትምህርት ቤት መምህሯ እንዳስተማራት ጣቷን ወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ አኃዝ ሥር አስቀመጠች። ስምንት። ነጥብ። ስድስት። አንድ።

"ስድስትና ስምንቱን አገላብጠሃቸዋል ልጄ። አይፈረድብህም፤ እኔም ዓመት ሙሉ አሥራ ሁለትን ሃያ አንድ አድርጌ ስጽፍ ነበር።"

"ለመሆኑ ማንበብ ይችላሉ?"

"ዘንድሮ እችላለሁ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው ተናዶ ሰዓቱን ወደ ዜሮ ሊመልስ እጁን ሰደደ። ልጅቷ ቀደመችው፤ ብዕሩን ጥላ ሰዓቱን በክንዷ ከለለችው።

"ዋና ዳኛዋ ሳትመጣ አይነካም" አለች።

"ፕሮግራም እያዘገያችሁ ነው" አለ መነጽራሙ።

"ይዘግይ" አለች እናት። "እኔ ለፊደል አርባ ሦስት ዓመት ዘግይቻለሁ፤ አልሞትኩም።"

ዋና ዳኛዋ መጣች። ሰዓቱን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ መነጽራሙንም አየችው። ከዚያ የተሳሳተውን ሰርዛ ከጎኑ ሌላ ጻፈችና ወረቀቱን መለሰችው። ከኋላ ማጨብጨብ ተጀመረ። ልጅቷ ልትፈርም ጎንበስ አለች።

"እንደገና አንብቢ" አለች እናቷ።

ልጅቷ ጣቷን ከመጀመሪያው አኃዝ ሥር አሳረፈች።

"ስድስት" አለች፣ አዳራሹ እንዲሰማ አድርጋ።