የክላሪ ቀብር ኬክ

ክላሪ ፔንጌሊ ከአንጎሉ ሥር፣ ፒቱታሪ ከሚባለው እጢ ላይ የበቀለበትን እባጭ በአፍንጫው በኩል አስወጥቶ በወሩ ወደ ክለቡ ብቅ አለ። በዚያች የታዝማኒያ ከተማ ሽማግሌ ሁሉ ሣር ላይ ኳስ እያንከባለለ የሚውለው እዚያ ነው። ሁሌ የሚሰድበው ጎረቤቱ ኪት ሮጦ ወንበር ሲስብለት ክላሪ ነገር እንዳለ ጠረጠረ።

ነገሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። «ለክላሪ ቀብር ማን ምን ያመጣል?» ይላል። የእንቁላል ሳንድዊች፣ ኪት። ላሚንግተን ኬክ፣ ኖሪን። ኖሪን ሚስቱ ናት።

«አንቺ ሴትዮ! ሳልሞት ኬክ ልትጋግሪልኝ ተመዘገብሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ብዘገይ የድንች ሰላጣ ሊደርሰኝ ነው! ደግሞ አለቀልኝ እያልክ አገር ያስለቀስከው አንተ ነህ።»

«እሱማ ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው! አሁን ሐኪሙ ምን አለኝ? ክኒንህን በየጠዋቱ ዋጥ፤ ትኩሳት ሲይዝህ እጥፍ አድርገው። የሚገድልህ እሱን መርሳት ነው። ካልረሳህ ከጎረቤትህ እኩል ትኖራለህ አለኝ።»

ኪት ሲጋራውን ይዞ ትን እስኪለው ሳለ።

«ከዚህኛው ጎረቤቴ ከሆነማ ተበላሁ!» አለ ክላሪ። ሰሌዳው ላይ የታሰረውን እርሳስ መንጭቆ፣ በሁለት ቀን የሚደርቀውን ላሚንግተን ሰረዘና «የፍራፍሬ ኬክ ይሁን፤ እሱ ዓመታት ቢቀመጥም አይበላሽም» ብሎ ጻፈ። ሰዉ አጨበጨበ።

«የዛሬውን ክኒን ዋጥከው?» አለች ኖሪን።

ክላሪ የሸሚዙን ኪስ ዳበሰ። የሱሪውንም ዳበሰ።

ኪት እርሳሱን ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደና ላሚንግተኑን መልሶ ጻፈው።